ስለ ሶዶና ስለ ጌዴኦ ትክል ድንጋዮች፤ ስለ ጎብኚዎቻቸውና ስለ ፎቶግራፎቻቸው

፩፤ ስለ ስፍራው

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው ጎዳና የሚጓዝ ሰው በመልካ ቁንጡሬ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ፣ ከመነሻው ዘጠና ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ራቀ፣ ጢያ ከምትባል ትንሽ ከተማ ይደርሳል። አገሩ የጉራጌ ወገን የሆነው የሶዶ ሕዝብ የሚኖርበት ደጋ ነው። ከከተማይቱ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ በሚገኘው ሜዳ ላይ የቀድሞ ሰዎች ተክለዋቸው ያለፉ ድንጋዮች በረድፍ ቆመው ይታያሉ። አንዳንዶቹ ከሰው ቁመት ይበልጣሉ፤ አንዳንዶቹም ዘመም ብለዋል። የድንጋዮቹ ቁጥር 36 ሲሆን፣ ከነዚሁ ውስጥ 32ቱ ልዩ ልዩ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። በሶዶ አገር እንዲህ ያለ ትክል ድንጋይ የሚገኝባቸው ስፍራዎች እስከ 160 የሚደርሱ መሆናቸው ታውቋል፤ ጢያ ግን ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ስለ ሆነ በ1980 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

በድንጋዮቹ ላይ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው የሰይፍ ቅርጽ ነው። በአንዱ ድንጋይ ላይ አንድ ሰይፍ ብቻ ይኖራል፤ በሌላው ላይ ግን ሰይፎቹ ጐን ለጐን ተደርድረው ብዙ ይሆናሉ። ከሰይፎቹም ጋራ ክብ ምልክቶች፣ እንደዚሁም ግራና ቀኝ ቅርንጫፍ ያወጣ ተክል የሚመስል ምልክት ይገኛል። በሌሎች ድንጋዮች ላይ ደግሞ የሰው አካል ክፍሎች፣ ይኸውም አንገት፣ ክንድና ጡት ተመልክተዋል። ቅርጾቹ ከድንጋዩ ገጽ እጅግም ከፍ ያላሉ ናቸው፤ ስለዚህ በቀትር የሚመጣ ጎብኚ ብዙውን ሳያይ ይመለሳል።

የሰሜኑን አገር ሐውልቶች፣ በተለይም የአክሱምን፣ ከትምህርት ቤት ልጅ ጀምሮ የማያውቃቸው የለም። የነገሥታቱ ስም በድንጋይ ተጽፎ ስለ ተገኘ፣ ታሪካቸውም በመጻሕፍት ስለ ተነገረ፣ ተመልካቹ በማን ፊት እንደ ቆመ ያውቃል። የደቡቡ ትክል ድንጋዮች ግን ፊደል የላቸውም። ስለ እነርሱ የጻፈ የዜና መዋዕል ጸሐፊ የለም። በዚህም ምክንያት ስለነዚህ ድንጋዮች ሊመሰክሩ የሚችሉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነዚህም የአገሩ ሰው አፍ፣ የመርማሪው ዶማና የጎብኚው ፎቶግራፍ ናቸው። ሦስቱም እያንዳንዳቸው እውነት ይናገራሉ፤ ሦስቱም እያንዳንዳቸው ይሳሳታሉ። የዚህ ጽሑፍ አሳብ የሦስቱን ምስክርነት አንዱን ከሌላው ጋራ ማስተያየት ነው።

፪፤ የአገሩ ሰው ስለ ድንጋዮቹ የሚናገረው

የሶዶ ባላገር እነዚህን ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። በአፈ ታሪኩም መሠረት ድንጋዮቹን የተከለ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ማለት አሕመድ ግራኝ ነው፤ ሰይፎቹም የእርሱ ጦር ሰይፎች ናቸው ይባላል። ነገሩን በዘመን ቍጥር ለመረመረ ሰው ግን ይህ ሊሆን አይችልም። አሕመድ ግራኝ በሽምብራ ኩሬ ድል ያደረገው በ1529 ሲሆን፣ በጦር ሜዳ የወደቀውም በ1543 ነው። የጢያ መቃብሮች ግን በመካከለኛው ዘመን፣ ከ1000 እስከ 1400 ባለው ጊዜ ውስጥ የተቈፈሩ መሆናቸው ተገምቷል። እንግዲህ ግራኝ በዚያ አገር ባለፈ ጊዜ ድንጋዮቹ ከቆሙ ቢያንስ አንድ መቶ ዓመት አልፎአቸው ነበር ማለት ነው።

ይህን የመሰለ አሰያየም በሶዶ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በአክሱም ከከተማው በስተ ምዕራብ ባለው ሜዳ የቆሙት ያልተጠረቡ ድንጋዮች በጉዲት ስም ይጠራሉ፤ ሆኖም ከሥራቸው ያሉት መቃብሮች ጉዲት ነበረች ከሚባልበት ከ10ኛው መቶ ዓመት እጅግ የቀደሙ ናቸው። በሐረርጌም በጨርጨር ተራራዎች የሚገኙትን የድንጋይ ክምር መቃብሮች የአገሩ ሰው በኦሮምኛ «ዳጋ ቱሊ»፣ ማለት የተከመረ ድንጋይ ይላቸዋል፤ የሠሩአቸውም ሐርላ የሚባሉ ሰዎች ናቸው ይላል። ሐርላዎች በወግ እንደሚነገረው ቁመታቸው ከሌላው ሰው የበለጠ፣ ሀብታቸውም የበዛ ነበር፤ በትዕቢታቸው ምክንያት ግን የእግዚአብሔር ቍጣ ወርዶባቸው ጠፉ ይባላል።

ሦስቱን አሰያየሞች አንድ ላይ ያየ ሰው አንድ ነገር ይረዳል። ባለቤቱ የተረሳ መቃብር ሲገኝ፣ ሕዝቡ በዚያ አገር ከሚያስታውሰው ሁሉ አስፈሪ ለሆነው ይሰጠዋል። በአክሱም ጉዲት፣ በሶዶ ግራኝ፣ በጨርጨር የጠፉት ኃያላን የድንጋዩ ጌቶች ሆነዋል። ይህ ከንቱ ወሬ ነው ተብሎ የሚጣል አይደለም። ስሙ የድንጋዩን ዘመን ባይነግርም፣ የአገሩ ሰው በልቡ የያዘውን ጥልቅ መታሰቢያ ይነግራል፤ ያ መከራ ምን ያህል እንደ ነበረ የሚያስረዳ ምስክር ነው። ደግሞም የግራኝ ድንጋይ መባሉ ጥቅም አለው። የሚፈራ ስም ያለው ድንጋይ በቀላሉ አይነቀልም፤ ለቤት መሠረት ወይም ለአጥር ተብሎም አይሰበርም።

ነገር ግን የስሙ ጉዳት ከጥቅሙ ጋራ ተያይዞ ይገኛል። ድንጋዩ የሌላ ነው በተባለ ጊዜ፣ ከሥሩ የተኛው ሰው ከአገሩ ታሪክ ውጭ ይሆናል። ሜዳው የጦረኛ ምልክት እንጂ የመቃብር ስፍራ መሆኑ ይዘነጋል።

፫፤ የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎችና ፎቶግራፋቸው

በኢትዮጵያ የጥንት ቅርሶችን በፎቶግራፍ በደንብ የመመዝገብ ሥራ በሰሜን ተጀመረ ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን ጉባኤ ሐውልቶቹን ሁሉ ለክቶ፣ ነድፎና ፎቶግራፍ አንሥቶ ውጤቱን በ1913 በአራት ጥራዝ አሳተመ። ከፎቶግራፎቹ ብዙዎቹን ያነሣ ቴዎዶር ፎን ሉፕከ የተባለ የሕንፃ ዐዋቂ ነበር። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ማንሣት እንደ ዛሬው ቀላል ሥራ አልነበረም። ምስሉ የሚቀረጽበት የመስተዋት ሰሌዳ ከባድና በቀላሉ የሚሰበር ስለ ነበረ፣ ከባሕር ዳርቻ ጀምሮ በበቅሎ ተጭኖ መምጣት ነበረበት። አንዱን ምስል ለማንሣት ጊዜና ትዕግሥት ያስፈልግ ስለ ነበር፣ ፎቶግራፍ አንሺው ከመክፈቱ በፊት ድንጋዩን አጥብቆ ይመለከት ነበር።

የነዚህ ፎቶግራፎች ጥቅም ኋላ ተገለጠ። በአክሱም ወድቆ ተሰብሮ የነበረው ታላቅ ሐውልት በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ፣ በ2005 ተመልሶ፣ በ2008 በስፍራው እንደ ገና ተተክሏል። ከመወሰዱ ከሠላሳ ዓመት በፊት የተነሡት ፎቶግራፎች ቍራጮቹ በምድር ላይ እንዴት ተጋድመው እንደ ነበረ ያሳያሉ። እንግዲህ ፎቶግራፍ ለድንጋይ የሚሰጠው ምስክርነት ዋናው ይህ ነው፤ ድንጋዩ በዚህ ቀን፣ በዚህ ስፍራ፣ በዚህ ሁኔታ ነበረ ብሎ መናገር።

የደቡቡን ትክል ድንጋዮች ለሊቃውንት በሰፊው ያስታወቀ ፈረንሳዊው የካፑቺን ማኅበር መነኵሴ አባ ፍራንስዋ አዛይስ ነው። አዛይስ ከ1922 ጀምሮ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ በነበሩበት ዘመን፣ በሐረርጌና በደቡብ ኢትዮጵያ እየተዘዋወረ የድንጋይ መቃብሮችንና ትክል ድንጋዮችን መረመረ። ከእርሱም ጋራ ሮዤ ሻምባር የተባለው ጓደኛው ሠርቷል። የአምስት ዓመት ምርመራቸው በ1931 በፓሪስ ታትሞ ወጣ። ጽሑፉ ለብቻው ጥራዝ፣ ምስሎቹም ለብቻቸው ጥራዝ ሆነው ስለ ታተሙ፣ አንባቢው የጸሐፊውን አስተያየት ባይቀበል እንኳ ፎቶግራፎቹን ራሱ ለመመርመር ይችላል። የአዛይስን ትርጓሜ ኋላ የመጡ ሊቃውንት ብዙውን ለውጠውታል፤ ፎቶግራፎቹ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቅማሉ።

በ1934 እና በ1935 ደግሞ ከጀርመን የፍሮቤኒዩስ ተቋም በአዶልፍ የንሰን የሚመራ ጉባኤ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መጣ። በጉባኤው ውስጥ አልፍ ባይርለ የተባለ ሠዓሊ ነበር። የንሰን ድንጋዮቹን ብቻ ሳይሆን በአካባቢው የሚኖሩትን ሕዝቦች ወግ ጭምር ስለ ጻፈ፣ የሞተውን ድንጋይ በሕይወት ካለው ባህል ጋራ የማስተያየትን መንገድ ከከፈቱት አንዱ ሆኗል።

ከነዚህ በኋላ በ1952 በአዲስ አበባ የጥንት ቅርስ ምርመራ ተቋም ተመሠረተ፤ ከ1955 ጀምሮም የምርመራው ውጤት በየጊዜው በመጽሔት ይወጣ ጀመር። ፍራንሲስ አንፍሬ የሶዶንና የሲዳሞን ትክል ድንጋዮች በየስፍራቸው እየዞረ መዝግቦ፣ በ1982 በዚሁ መጽሔት አውጥቷል። ሮዤ ዡሶም ደግሞ በመጀመሪያ በጨርጨር፣ ቀጥሎም በጢያና በጌዴኦ አገር ቍፋሮ አደረገ።

፬፤ ቍፋሮው የገለጠው

በጢያ የተደረገው ቍፋሮ ድንጋዮቹ የመቃብር ምልክቶች መሆናቸውን አረጋገጠ። ሙታኑ በጕድጓድ ውስጥ ጕልበታቸው ወደ ደረታቸው ተሰብስቦ፣ ሕፃን በእናቱ ማሕፀን እንደሚሆን ሆነው ተቀብረዋል። ወንዶችም ሴቶችም ይገኙባቸዋል። ዕድሜያቸውም በብዛት ከ18 እስከ 30 ዓመት ይሆናል ተብሎ ተገምቷል።

ይህ ነገር ተመልካቹን ሊያሳስበው ይገባል። ሰይፍ የተቀረጸበትን ድንጋይ አይቶ የሚያልፍ ጎብኚ አእምሮው ወደ ጀግና፣ ወደ ጦር አለቃ፣ ወይም ወደ ሽማግሌ መኰንን ይሄዳል። ከድንጋዩ ሥር የተገኙት ግን በጕልምስና መግቢያ ላይ የተቀጠፉ ሰዎች ናቸው። በወላጆች እጅ የተቀበሩ ልጆች መሆናቸውን ማሰብ ከእውነት የራቀ አይሆንም። በዚያ ዘመን በከብትና በእርሻ የሚኖር ሕዝብ፣ ይህን ያህል የሚከብድ ድንጋይ ፈልፍሎ፣ ጐትቶና ጠርቦ ማቆሙ፣ ለሟቾቹ የነበረው ክብር ምን ያህል እንደ ነበረ ያመለክታል። በአንዳንዶቹ ድንጋዮች ግርጌ ቀዳዳ ይታያል፤ ይህም ለመጐተቻ ገመድ የተበጀ ነው ይባላል።

የሰይፎቹ ብዛት ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ቍጥር ያመለክታል የሚል አስተያየት አለ። ይህን አስተያየት የሚደግፍ ምሳሌ በኮንሶ ይገኛል። የኮንሶ ሰው ለጀግና ሟች ዋጋ የሚባል ከእንጨት የተጠረበ ምስል ያቆማል፤ ከጀግናው ምስል አጠገብ የሚስቶቹ፣ የገደላቸው ጠላቶችና አራዊት ምስል ይቆማል። እንዲሁም በኮንሶ ድንጋይ መትከል ገና ያልጠፋ ሥርዐት ነው፤ ወጣቶቹ ከስፍራው ፈልፍለው፣ በሸክም አምጥተው፣ በሥርዐት ያቆሙታል። የኮንሶ አገር በ2011 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ሕያው ልማድ ነበር። ይሁን እንጂ ኮንሶ ሶዶ አይደለም፤ በመካከላቸውም የብዙ መቶ ዓመትና የብዙ ቀን መንገድ ልዩነት አለ። ምሳሌው የሚያስረዳው እንዲህ ያለ አሳብ በደቡብ ሕዝቦች ዘንድ ሊኖር እንደሚችል ብቻ ነው።

በሐረርጌ የተደረገው ምርመራ የዘመኑን ርዝመት አሳይቷል። በጨርጨር ከሚገኙት መቃብሮች በትልልቅ ጠፍጣፋ ድንጋዮች እንደ ቤት ተሠርተው ከላይ የተከደኑት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ሺህ ዓመት የተሠሩ ናቸው። «ዳጋ ቱሊ» የሚባሉት ክምሮች ግን ከ8ኛው እስከ 12ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የተደረጉ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ተራራ ላይ ጐን ለጐን የሚታዩት ሁለት ዓይነት መቃብሮች በመካከላቸው ከሁለት ሺህ ዓመት የሚበልጥ ጊዜ አለ። የአገሩ ሰው ሁለቱንም ለሐርላ ሲሰጥ፣ ጎብኚውም ሁለቱን በአንድ ፎቶግራፍ ሲያነሣ፣ ይህ ልዩነት ይጠፋል። ስለ ሐርላ ቁመት የሚነገረውም ቢሆን በድሬ ዳዋ አጠገብ በሐርላ መንደር በቲሞቲ ኢንሶል መሪነት በተደረገው ቍፋሮ ተመርምሯል። በ2017 እንደ ተገለጸው፣ በዚያ የተገኘው ከሕንድና ከዐረብ አገር ጋራ ይነግድ የነበረ ከተማ ነው፤ የተቀበሩትም ሰዎች ቁመታቸው እንደ ማንኛውም ሰው ነው።

በሸዋም በመንዝና በአካባቢው ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ ክምር መቃብሮች መኖራቸውን ፎቬልና ፑዋሶኒዬ የተባሉ ሊቃውንት በ2012 ባሳተሙት መጽሐፍ አስረድተዋል። ይህም የጢያ ሰዎች በኖሩበት ዘመን፣ ክርስቲያንም እስላምም ያልሆኑ፣ የራሳቸው የቀብር ሥርዐት ያላቸው ሌሎች ሕዝቦች በደጋው ላይ እንደ ነበሩ ያሳያል። ነገሥታቱን ብቻ የሚያስታውስ ታሪክ ስለነዚህ ሕዝቦች ዝም ብሏል፤ ስለ እነርሱ የሚናገረው መቃብራቸው ብቻ ነው።

፭፤ ስለ ጌዴኦ

ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዲላ አካባቢ ያለው የጌዴኦ አገር፣ በእንሰትና በቡና ተክል የተሸፈነ ተራራማ አገር ነው። በዚህ አገር የሚገኙት ትክል ድንጋዮች ከ10,000 እንደሚበልጡ፣ ስፍራዎቹም ከ60 በላይ እንደ ሆኑ ተገምቷል። በጨልባ ቱቲቲ ብቻ ከአንድ ሺህ በላይ ድንጋዮች ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ ወድቀው ተጋድመዋል። ከድንጋዮቹ አንዳንዶቹ ስድስት ሜትር ያህል ይረዝማሉ።

በቱቶ ፈላ ደግሞ 300 ያህል ድንጋዮች በክምር መቃብር ላይ ቆመው ይገኛሉ። ዡሶም በዚያ ባደረገው ቍፋሮ፣ በመጀመሪያ የወንድ አባለ ዘር ቅርጽ ያላቸው ድንጋዮች ቆመው እንደ ነበረ፣ ኋላ የመጡ ሰዎች ግን ከነዚሁ ድንጋዮች አንዳንዶቹን እንደ ገና ጠርበው የሰው መልክ እንደ ሰጡአቸው ተረድቷል። ይህ ታላቅ ነገር ነው። የኋለኛው ትውልድ የፊተኛውን ድንጋይ አልጣለውም፤ ለራሱ ሙታን መታሰቢያ አደረገው እንጂ። ፎቶግራፍ የሚያሳየው የመጨረሻውን መልክ ነው፤ ከዚያ መልክ በታች ያለውን የፊተኛውን ጥርብ ለማየት ግን ድንጋዩን ዞሮ፣ ቀርቦና ታግሦ መመልከት ያስፈልጋል።

በ2021 አሸናፊ ዜና ከሥራ ጓደኞቹ ጋራ ባሳተመው ጥናት በጌዴኦ አገር የሳካሮ ሶዶ ትክል ድንጋዮች የቆሙት ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው መቶ ዓመት መሆኑን ገልጧል። ይህም ቀድሞ ይገመት ከነበረው አንድ ሺህ ዓመት ያህል የቀደመ ነው። ከዚህም ሌላ በስፍራዎቹ የተገኘው ለመሣሪያ የሚሆን ጥቁር የባልጩት ድንጋይ ብዙው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሰሜን ኬንያ የመጣ መሆኑ ታውቋል። እንግዲህ ድንጋይ የተከሉት ሰዎች በተራራቸው ተዘግተው የኖሩ አልነበሩም፤ ከሩቅ አገር ጋራ ይገናኙ ነበር።

የጌዴኦ ሽማግሌዎች በተራራው ጫፍ ላይ ያሉትን የድንጋይ ስፍራዎች ያከብራሉ፣ ይጠብቃሉም። አገሩ በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ በገባ ጊዜ ይህ ጥበቃ ከእርሻው ሥርዐት ጋራ አብሮ ተጠቅሷል። ድንጋዮቹን የተከሉት የዛሬዎቹ ሰዎች አባቶች ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። ቱቶ ፈላ እንደሚያስተምረው፣ መቃብር የሚጠበቀው በዘር ብቻ አይደለም፤ የማያውቀውን ሙት የሚያከብር ሰው ሲገኝም ይጠበቃል።

፮፤ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

በዛሬው ዘመን ወደነዚህ ስፍራዎች የሚሄድ ጎብኚ ሁሉ ካሜራ ይዟል፤ በአንድ ቀን የሚነሡትም ፎቶግራፎች ከቀድሞዎቹ ጉባኤዎች ሥራ በቍጥር ይበልጣሉ። ነገር ግን ብዙዎቹ ለታሪክ የሚሰጡት ጥቅም ትንሽ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጎብኚው ከሁሉ የሚያምረውን አንዱን ድንጋይ መርጦ፣ ከፊት በኩል ብቻ፣ ራሱን አጠገቡ አቁሞ ያነሣል። ጐረቤቶቹ ድንጋዮች፣ ረድፉ፣ መቃብሩና ሜዳው ከሥዕሉ ውጭ ይቀራሉ። እንዲህ ሆኖ ድንጋዩ ከስፍራው ሳይነቀል ይነቀላል።

ሊቃውንቱ ከብዙ ዘመን ልምድ ያገኙት መንገድ ከዚህ የተለየ ነው። በመጀመሪያ ሜዳው በሙሉ ይነሣል፤ ቀጥሎም እያንዳንዱ ድንጋይ ከአራቱ ማዕዘን ይነሣል። መጠኑ እንዲታወቅ የተለካ በትር አጠገቡ ይቆማል፤ አቅጣጫው ይጻፋል፤ ስሙም የአገሩ ሽማግሌዎች እንደሚጠሩት ይመዘገባል። ሰዓቱም መመረጥ አለበት። ፀሐይ በቀትር ከራስ በላይ ስትሆን ቅርጹ ይጠፋል፤ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ብርሃኑ ከጐን ሲመታው ግን ሰይፉ፣ ክቡም፣ ቅርንጫፉም ጥላ እየጣለ ይገለጣል። ማለዳ የቆመና በቀትር የቆመ ሁለት ጎብኚ ስለ አንድ ድንጋይ ቢጽፉ የተለያየ ነገር የሚጽፉበት ምክንያት ይህ ነው።

ከቀድሞዎቹ ጎብኚዎች አንዳንዶቹ ቅርጹ ጐልቶ እንዲታይ በጠመኔ ይቀቡት ነበር። ይህ ልማድ ሁለት ጉዳት አለው። አንደኛው፣ ጠመኔው ድንጋዩን ይጎዳል፤ ሁለተኛው፣ ቀቢው ያየውን ብቻ ስለሚቀባ ፎቶግራፉ የድንጋዩ ሳይሆን የቀቢው ምስክርነት ይሆናል። በድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሽበት መፋቅም እንደዚሁ ነው፤ ከሽበቱ ጋራ የድንጋዩ ገጽ ይላጣል። የወደቀውን ድንጋይ ማገላበጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የወደቀበት አኳኋን ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነውና። ዛሬ ድንጋዩን ሳይነኩ ከየአቅጣጫው ብዙ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ በኮምፒዩተር አቀናብሮ ሙሉ ቅርጹን ማውጣት ስለሚቻል፣ ለጠመኔና ለመፋቂያ ምክንያት አልቀረላቸውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፈቃድ መጠየቅ ይገባል። ስፍራው መቃብር ነውና። በኢትዮጵያ ሰው ባልታወቀ ሰው ቀብር እንኳ ሳይቀር ቆሞ «ነፍስ ይማር» ሳይል አያልፍም። ጢያ የተኙት ሰዎች ሃይማኖታቸው ሌላ፣ ቋንቋቸውም ያልታወቀ ቢሆን፣ ሙት መሆናቸው ግን ከማንም አይለያቸውም።

፯፤ መደምደሚያ

የትክል ድንጋዮች ጠላት ጊዜ ብቻ አይደለም። የእርሻ መስፋፋት፣ ለቤትና ለአጥር ድንጋይ መፈለግ፣ ከሥሩ ወርቅ አለ የሚለው ወሬ፣ የቅርስ ነጋዴም ሁሉም ድርሻ አላቸው። የኮንሶ ዋጋዎች ብዙዎቹ ከመቃብር ላይ ተነቅለው ተሸጠዋል፤ ከሌባ እጅ የተገኙት አንዳንዶቹ በካራት ከተማ በሙዚየም ቆመዋል። በሙዚየም የቆመ ዋጋ ከመጥፋት ድኗል፤ ነገር ግን የማን መታሰቢያ እንደ ሆነ የሚናገርለት መቃብር አጠገቡ የለም። ከስፍራቸው ተነሥተው በአዲስ አበባ የቆሙት ጥቂት የደቡብ ድንጋዮችም እንደዚሁ ናቸው። ተመልካቹ ጥበባቸውን ያደንቃል፤ መቃብር መሆናቸውን ግን ካልነገሩት አያውቅም።

ስለዚህ ሦስቱ ምስክሮች አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። የአገሩ ሰው ስሙንና ክብሩን ይጠብቃል፤ ዘመኑን ግን ይስታል። ቍፋሮው ዘመኑንና የሙታኑን ዕድሜ ይገልጣል፤ ሲቈፍር ግን መቃብሩን ያፈርሳል፣ ሁለተኛም ሊቈፍረው አይችልም። ፎቶግራፉ የነበረውን እንደ ነበረ ይይዛል፤ ከመስኮቱ ውጭ የቀረውን ግን አያውቅም። የሶዶ ሽማግሌ «የግራኝ ድንጋይ» ያለው፣ አዛይስ ያነሣው፣ ዡሶም የቈፈረው አንድ ድንጋይ ነው። ሦስቱም ቃሎች በአንድ መዝገብ ጐን ለጐን ሲጻፉ ብቻ፣ ከድንጋዩ ሥር ተሰብስቦ የተኛው ወጣት ስሙ ባይገኝለት እንኳ ስፍራውና ዘመኑ ይገኝለታል።

በሶዶ ከሚገኙት 160 ስፍራዎች ዘበኛ ቆሞላቸው ጎብኚ የሚያያቸው እጅግ ጥቂቶች ናቸው። የቀሩት በገብስ ማሳና በግጦሽ መካከል ናቸው። በየአገሩ የሚኖር መምህር ከተማሪዎቹ ጋራ አንድ ማለዳ ወጥቶ፣ በአካባቢው ያሉትን ድንጋዮች ቈጥሮ፣ ለክቶ፣ ፎቶግራፋቸውን አንሥቶ፣ ሽማግሌዎቹ የሚሉትን በአሉት ቃል ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ ከሩቅ አገር የሚመጣ ጉባኤ በብዙ ወጪ ሊያገኘው የማይችለውን ያገኛል። ድንጋዩ ነገ ቢወድቅ ወይም ቢወሰድ፣ እንደ አክሱሙ ሐውልት፣ በየት እንደ ነበረ የሚመሰክርለት ይኖራል።